ከጭዱ ሥር ያለው ዕቃ

ብቸና፣ መጋቢት ፲፭ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ይድረስ ሞጣ ላለችው እናቴ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽ እንዴት ነው? ግራ ዐይንሽስ ማንባቱን ተወልሽ? እህል መቅመስ ጀምረሻል ወይስ አሁንም ጎረቤት እየለመነሽ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በቁሜ አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ አንቺም አታምኚኝ፣ የሚያነቡልሽም መሪጌታ ድምፃቸው ይያዛልና አለሁ ማለቱ ይበቃል።

መሪጌታ ሣህለ ማርያም፣ የእናቴን ደብዳቤ ሲያነቡላትና ሲጽፉላት ይኸው ስንት ዓመትዎ፤ ዋጋዎን እመቤታችን ትክፈልዎ። ዛሬ የላክሁት ሁለት ወረቀት ነው። ይህን የመጀመሪያውን ጎረቤቱ በተሰበሰበበት ያንብቡት፤ አለዚያ "ምን ብሎ ጻፈ" እያሉ መውጫ መግቢያ ያሳጧታል። ሁለተኛውን ግን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ያንብቡላት። እሱ ለእናቴ የምነግራት ለእርስዎም የምናዘዝልዎ ነው።

እናቴ፣ የወንድሜ የታዘበው አርባ መጋቢት ሃያ ስድስት ቀን ይውላል። ጾም ስለሆነ ቀኑን በፍትሐት እናስበውና ድግሱን ከፋሲካ በኋላ እናደርገዋለን። ገብሱንና ጌሾውን ከዚህ እልካለሁ፤ በዚያ ወገብ ሸክም እንዳትሞክሪ። ጋን አይቸግርሽም፤ አንዱን ከወይዘሮ ይርጋነሽ፣ ሌላውን ከወይዘሮ ጥሩአየሁ ትዋሻለሽ። መቼም አንቺ ያላዋስሽው ሰው ሞጣ ውስጥ የለም። ወንፊትሽ ቤቱ ያደረበት ቀን ጥቂት ነው። አባባ "ይቺ ሴት እኔንም የሚዋስ ብታገኝ ታውሰኝ ነበር" ሲል ታዘበው በሳቅ ይንከባለል እንደነበር ትዝ ይልሽ ይሆናል።

እዚህ ነፋሱ ገና አልበረደም። ቤት የተቃጠለባቸው ሰዎች ዘመድ ዘመዳቸውን ተጠግተዋል። መሥሪያ ቤቴ በየመንገዱ ዳር አዳዲስ በርሜል አስቁሟል፤ ውሃ ያለባቸውም አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው። ታዘበው ቤታቸውን ሊያድን ሲል የሞተላቸው መነኩሲት፣ እማሆይ አመተ ሥላሴ፣ በሕይወት አሉ፤ ሰላም በልልኝ ብለዋል።

ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ከልቅሶው ላልተለዩሽ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በዪልኝ። ይህ ወረቀት እዚህ ላይ አለቀ።

ሁለተኛ ወረቀት

እናቴ፣ በሩን ዝጊና ወደ መሪጌታ ጠጋ በዪ፤ ድምፃቸውን ከፍ እንዳያደርጉ።

ጓሮሽ ከጭዱ ሥር ያለውን ዕቃ ምንነት ልነግርሽ ነው። ያን ዕለት ፈረደ በጭነት መኪና አምጥቶ ሲያወርደው "የመንግሥት ዕቃ ነው፤ ልጅሽ ለጥቂት ቀን አስቀምጪልኝ ብሏል" አለሽ። የእኔ ስም ስለተጠራ ምን እንደሆነ አልጠየቅሽም። ያወረዱትን ሰዎች አበላሽ፣ ዕቃውን ቁርበት አለበስሽው፣ በላዩም ጭድ ከመርሽበት። ወፍጮ መስሎሽ ነበር አሉ። ወፍጮ አይደለም፤ የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ነው። ሁለት ጎማ አለው፤ ሆዱ የብረት ጋን ነው፤ ግራና ቀኝ ሰዎች ይዘው የሚገፉት እጀታና ረጅም የሸራ ቱቦ አለው። ውሃ ሞልተው እጀታውን ሲገፉት ከጣራ በላይ ይረጫል። በቱቦው ምክንያት የብቸና ሰው "ዝሆኗ" ይላታል። ብቸና ያላት ዝሆን ይቺው አንዷ ናት፤ እሷም አንቺ ጓሮ ናት።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። አንቺም ለሰው "ልጄ ጸሐፊ ነው" ትያለሽ፤ እውነትሽን ነው፣ ከመጻፍ በቀር ምንም አልሠራም። ከተማው እሳት ቢነሣበት ማጥፊያ አለው ወይ ብዬ አይቼ ለበላይ እጽፋለሁ። ፓምፕ፣ መሰላል፣ ጣራ መንቀያ ሜንጦ፣ ውሃ የሞላ በርሜል፣ አሥራ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ የጻፍሁት እውነት መሆኑን የሚያይ ተቆጣጣሪ ይመጣል። የሚመጣበት ቀን ከሁለት ሳምንት በፊት በደብዳቤ ይነገረናል።

ቀኑ የታወቀ ተቆጣጣሪ እንግዳ ነው። ለእንግዳ ቤት ይጠረጋል፣ የጎደለው ከጎረቤት ይዋሳል። ከአንቺ ቤት ይዤው የወጣሁት ትምህርት ይህ ነው። በአንቺ ማመካኘቴ ግን አይደለም። ጋን የተዋሰ ሰው እንግዳውን ያጠጣበታል እንጂ ጋኑ የእኔ ነው ብሎ አይፈርምም። እኔ ፈርሜአለሁ። አምና ለእኛ ቁጥጥር ሁለት መሰላልና ስድስት ሜንጦ ከሞጣ መጣልን፤ "የብቸና ከተማ መሣሪያ ተሟልቷል" ብዬ ጻፍሁ፤ ተመሰገንን። መሰላሎቹ በማግሥቱ አገራቸው ገቡ።

ዘንድሮ ማዋሱ የእኛ ተራ ሆነ። የሞጣዋን ዝሆን ቱቦ አይጥ በልቶት ኖሯል። ፈረደ እዚያ የእኔን ዓይነት ሥራ ነው የሚሠራው፤ እባክህ አውሰኝ ብሎ ስልክ ደወለ። አለቃዬን አቶ ወልደ ኪዳንን ጠየቅኋቸው፤ ለአምስት ቀን ምን ይፈጠራል አሉኝ። እኔም ምን ይፈጠራል አልሁ። የማዋሻው ወረቀት ላይ ፈረምሁ።

ቁጥጥሩ የካቲት አሥራ ሦስት ቀን ተደረገ፤ ሞጣ ተመሰገነች። ዝሆኗ በማግሥቱ መመለስ ነበረባት። ነገር ግን የሞጣ ሰዎች ተቆጣጣሪውን ኪዳነ ምሕረትን ሳያከብርማ አይሄድም ብለው ያዙት። ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ በግ እየታረደለት፣ ማን እንቢ ይላል? ያው ሰው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ሞጣ ያያትን ዝሆን ተጭና ወደ ብቸና ስትወጣ ቢያይ ጉድ ይፈላል። ፈረደ፣ መጋዘን ቆይታ ደግሞ ቢመረምራት ይደርስብናል፣ ሰውየው እስኪሄድ ድረስ የምትሸሸግበት ግቢ ቸገረኝ አለ። የእናቴ ግቢ አለልህ፣ እሷ አታሳፍርህም ያልሁት እኔ ነኝ።

ስለ ታዘበው ልንገርሽ። አሥራ ሁለት እሳት አጥፊ ይጻፍ ሲባል አሥራ አንድ ስም አገኘሁና ለመሙያ ወንድሜን ጨመርሁት። ለእኔ ቁጥር ነበር። እሱ ግን የምሩን ያዘው። ሜንጦውን ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ይቀልድበታል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዝሆኗን ከመጋዘን አውጥቶ ይወለውላታል፣ እንዳትዝግ ሞራ ይቀባታል። አንድ ጊዜ ቱቦዋ ተቀዶ በስፌት መኪናው ደርቦ ጠቀመው። ሞጣ መሄዷን አልነገርሁትም። ረስቼው አይደለም። ቢያውቅ እንቢ እንደሚል ስለማውቅ ነው።

የካቲት አሥራ ሰባት ቀን፣ ፀሐይ መካከል ላይ ሳለች፣ አንዲት ሴት ከጎረቤቷ እሳት ጭራ በገል ይዛ ስትሄድ ነፋሱ ፍሙን አነሣባት። እኔ ሮጬ ስደርስ ሦስት ቤት ተያይዟል። በርሜሎቹን ለሠርግ አውሰናቸው ጠላ ተጠምቆባቸዋል። መሰላሉ የቤተ ክርስቲያን ጣራ ለሚጠግኑ ሰዎች ተሰጥቷል። ካዋስነው ዕቃ ውስጥ አንዱም በክፉ ልብ የሄደ አልነበረም። ከአሥራ ሁለቱ አራት ሰዎች መጡ። ታዘበው ከሁሉም ቀድሞ፣ መለኪያ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ሜንጦውን ይዞ ቆሞ ነበር።

ሰው ከበበኝ። ዝሆኗስ፣ ዝሆኗ የታለች ይላል ሁሉም። አቶ ወልደ ኪዳን ከሰው ኋላ ቆመው ዐይን ዐይኔን ያያሉ። እናቴ፣ በዚያች ደቂቃ "የለችም" ብል ኖሮ ሰው ሁሉ ቤቱን ትቶ ነፍሱን ይዞ ይወጣ ነበር። ታዘበውም ይወጣ ነበር። ንብረት ይነዳል፣ እኔ እዋረዳለሁ፣ በዚሁ ያልቃል። እኔ ግን ሰው ፊት ማፈርን ፈራሁ። ቁልፍ ልኬአለሁ፣ እየመጣች ነው አልሁ።

ታዘበው ይህን ሰማ። ከሚነደው ቤት ቀጥሎ ያለው የእማሆይ አመተ ሥላሴ ጎጆ ነው፤ እሱ ከተያያዘ እሳቱ ወደ ገበያው ያልፋል። መነኩሲቷን ተሸክሞ አወጣቸውና ተመልሶ ጣራው ላይ ወጣ፤ ሣሩን በሜንጦ እየነቀለ ወደ ታች ይጥል ጀመር። ነፋሱ ወደ እሱ ዞረ። ውረድ፣ ይበቃል ብዬ ጮኽሁ። ከላይ ሆኖ እንዲህ አለኝ፦

"ጋሼ፣ እስክትመጣ እይዘዋለሁ። ስትመጣ ኩምቢዋን ወደ እኔ በኩል አዙሩልኝ።"

ይህን ብሎ ወደ መጋዘኑ መንገድ አየ። ጥቂት ነቀለና እንደገና አየ። ለሦስተኛ ጊዜ ቀና ሲል ጣራው ከእግሩ ሥር ተደረመሰ።

መርዶ ለሚነግሩሽ ሽማግሌዎች ነፋሱ ነው የገደለው አልኋቸው። እነሱም ለአንቺ እንዲሁ ነገሩሽ።

በሠልስቱ ያንቺ ደብዳቤ ደረሰኝ። የካቲት አሥራ አምስት፣ ገና ሁላችንም ደህና ሳለን የተጻፈ ነው። "የላክኸውን ዕቃ እንደ ዐይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ፤ ዶሮ እንኳ አላስጠጋሁበትም። ለታዘበው ንገረው፣ ለፋሲካ ሲመጣ ቀሚስ የሚሰፋልኝ ቁራጭ ጨርቅ አስቀምጬለታለሁ" ይላል። ከመቃብር የመለሱኝ ሰዎች ከማን ነው አሉኝ። ከእናቴ አልሁ። ምን ትላለች አሉኝ። ደህና ነኝ ትላለች አልሁ።

ከዚያ መርዶሽን ይዘን መጣን። ዳሱ የተጣለው ጓሮ ነው። ለቀስተኛው ጭዱን ተደግፎ ተቀመጠ፣ እኔም ጀርባዬን ሰጥቼው ሦስት ቀን ተቀመጥሁ። አንቺ ነጠላሽን አገልድመሽ "ልጄ አንድ ጋን ውሃ አጥቶ ነደደብኝ" እያልሽ ስታለቅሺ የእኔ ክርን ከቁርበቱ ሥር ብረቱን ይነካ ነበር። በዚያን ጊዜ ተነሥቼ ጭዱን በእጄ ብበትነው ኖሮ ምናልባት ሰው እሆን ነበር። አልበተንሁትም። የሚቀጥለውን ለቀስተኛ ለመቀበል ተነሣሁ።

የባሰውን ገና አልነገርሁሽም። ብቸና ስመለስ አቶ ወልደ ኪዳን ሪፖርት አስጽፈው ጠበቁኝ። ዝሆኗ ሞጣ ነበረች ከተባለ ሁላችንም በአንድ ሰንሰለት እንሄዳለን፤ ስለዚህ እሳት ስታጠፋ ተቃጠለች ይላል። ዝሆኗ እዚያው ከነበረች ደግሞ ሰው ለምን ሞተ ተብሎ ይጠየቃል። ለዚህም መልስ ተዘጋጅቷል። ቃል በቃል ልጻፍልሽ፣ መሪጌታም ሳይዘሉ ያንብቡልሽ፦ "ሟች ታዘበው የተባለው ልብስ ሰፊ በመጠጥ ተገፋፍቶ፣ ከበላዩ ትእዛዝ ሳይሰጠው፣ በራሱ ፈቃድ ጣራ ላይ በመውጣቱ ለራሱ ሞት ምክንያት ሆኗል።"

ታዘበው በመጠጥ ተገፋፍቶ! ለሠርግ እንኳ ብርዝ አምጡልኝ ይል የነበረው ልጅሽ። አነበብሁት። እጄ ፊርማ ለምዷል መሰለኝ፣ ፈረምሁበት። አባባ በሐሰት መስክር ቢሉት መሬቱን ለቆ የወጣ ሰው ነበር። እሳት አመድ ይወልዳል የሚባለው ለእኔ ነው።

እማሆይ አመተ ሥላሴ በየጧቱ በዘንግ እየተደገፉ ቢሮ ደጅ ይመጣሉ። የዚያ የጀግና ወንድም እያሉ ይመርቁኛል። የሪፖርቱ ግልባጭ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ምርቃታቸውን ቆሜ እቀበልና ተመልሼ ከመሳቢያው ፊት እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ሁሉንም ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ፤ ጾም እንዴት ይዞዎታል አልኋቸው።

አሁን ነገሩን የሚመረምር ሰው ይመጣል ተብሏል። ቀኑ እንደ ልማዱ በደብዳቤ ተነግሮናል፤ መጋቢት ሃያ ስምንት ሞጣ ገብቶ ያድርና ወደ ብቸና ይሻገራል። ፈረደ ከእሱ አንድ ቀን ቀድሞ፣ በአርባው ማግሥት፣ ያን ዕቃ ሊወስድ መኪና ይዞ አንቺ ጋ ይመጣል። ቀለሙ ተገዝቷል። ቀይ የነበረችው አረንጓዴ ትቀባና የሞጣ ትሆናለች። ከዚያ ወዲያ ቁጥጥር በመጣ ቁጥር ከከተማ ከተማ እየተዋሰች ትዞራለች፤ በየደረሰችበት አንድ አለ ተብሎ ይጻፋል። ከእነዚያ ከተሞች አንዱ ሲነድ እሷ ሌላ ሰው ጓሮ ጭድ ለብሳ ትሆናለች። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ለፈረደ ግን በስልክ መልካም ነው፣ ና ውሰዳት ብዬዋለሁ።

መጥቶ ምን እንደሚልሽ አውቃለሁ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበትሽን ይስምና "እናቴ፣ አደራዬን ልረከብ" ይልሻል። አንቺ አደራ በልተሽ አታውቂም። የተለመንሽውንም ዕቃ ከልክለሽ አታውቂም። ይህን ሁሉ የጻፍሁልሽ ለዚህ ነው።

ጭዱን አንሺው። ቁርበቱን ግፈፊው። ቀይዋ ዝሆን እሳት ያልነካት፣ ታዘበው የጠቀማት ቱቦ ሳይቀር ከነሙሉ አካሏ፣ ከሆዷ ሥር፣ ተቆጣጣሪ በማያጎነብስበት በኩል፣ ብቸና ተብሎ ተጽፎባት ትታያለች። መርማሪው ካያት ተቃጠለች ማለት አይቻልም፤ በታዘበው ላይ የተጻፈውም ሐሰት መሆኑ ይታወቃል። እኔም እታሠራለሁ። አይቶ እንዳላየ ቢያልፍ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ስለሆነ ብዙ ተስፋ አታድርጊ፣ ቢያንስ ጎረቤቱ ያያታል፤ ልጅሽ ሰክሮ እንዳልሞተ አንድ መንደር ያውቃል።

አንዱን ቀብረሽ ሌላውን በእጅሽ አሳልፈሽ ስጪ እያልሁሽ እንደሆነ አላጣሁትም። ይህን ለእናት መጻፍ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነም አላጣሁትም። ራሴ ልናገር አምስት ጊዜ ከቤቴ ወጥቼ አምስት ጊዜ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ስድስተኛውም እንደዚያው ነው የሚሆነው፤ ራሴን አውቀዋለሁ። እኛ ቤት እንቢ ማለት የሚያውቅ አንድ ልጅ ነበር፣ እሱም ሞተ።

ምናልባት ይህ ወረቀት ሲነበብልሽ ፈረደ ቀድሞ መጥቶ ይሆናል። ምናልባት መሪጌታም ለእኔ አዝነው ግማሹን ያስቀሩታል። መሪጌታ፣ በቄሰ ገበዝነት ባገለገሉበት ታቦት ይዤዎታለሁ፣ አያስቀሩት።

እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን የምጨርሰው ምርቃትሽ አይለየን ብዬ ነበር። ዛሬ ምርቃት አልለምንሽም። እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ዐይንሽን ይማርልሽ፤ ያንቺን እንባ የሚያብስ እሱ ይላክልሽ። ለአርባው አልመጣም። ፈረደ ደጅሽ ቆሞ እጁን ሲዘረጋልሽ፣ እናቴ፣ በዕድሜሽ አንድ ጊዜ እንቢ በዪ።

የታዘበው ታላቅ ወንድም